ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ስንመጣ ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ሞልቶት ሦስተኛ ክፍል ነው። ጨዋታ አዋቂ ነው። እንግሊዝኛውን እንደ ልጆቹ ያወርደዋል፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ ለአያቱ የሚያስተረጉምላት እሱ ነው። መጽሐፍ ሲከፈትለት ግን ሌላ ልጅ ይሆናል። ይቅበጠበጣል፣ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ አንዱን ገጽ ግማሽ ሰዓት ይዞት ይቆያል። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ሁለት ዓመት ተማረ። ሀ ሁን በዜማ ይወርዳታል፣ ለይተህ አሳየኝ ሲሉት ግን ይጠፋበታል።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ ስብሰባ ጠራኝ። በስልክ የገባችው አስተርጓሚ ‹ልጅሽ የአእምሮ ዝግመት ሳይኖርበት አይቀርም፣ እንዲመረመር ፈርሚ› አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማሁም። ባለቤቴ ‹ልጄን አካል ጉዳተኛ ብለው እንዲመዘግቡት አልፈርምም፤ እኔም እስከ አምስተኛ ክፍል ማንበብ አልችልም ነበር፣ ዱላ ነው ያስተማረኝ› ይላል። እሱ ዛሬም ቴክስት አይጽፍም፣ በድምፅ ነው የሚልክልኝ። ‹ልጁን ግራ ያጋባው አማርኛው ነው፣ ቤት ውስጥ እንተወው› ይላል። አማቴ ጸበል ትላለች። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ ከተለጠፈ ሦስት ሳምንት ሆነው። ልፈርም ወይስ ይቅር? ለልጁስ ምን ልበለው?»

የሲልቨር ስፕሪንጓ እናት

እህቴ፣ ፈርሚ። የቀረው ለምን እንደምትፈርሚና ስትፈርሚ ምን እንደምትጠይቂ ነው፤ ሥራ ከረፈደብሽ ግን መልሱ ይኸው ነው።

አስተርጓሚዋ የነገረችሽ ስህተት ነው። ሆን ብላ ያደረገችው አይመስለኝም። «ዲስኣቢሊቲ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲገባ የሚቀመጥበት ወንበር ያጣል። አንዱ «አካል ጉዳት» ይለዋል፣ አንዱ «ጉድለት»፣ የቸኮለ ደግሞ «የአእምሮ ዝግመት» ብሎ ይገላገላል። የአሜሪካ ሕግ ግን ለልጅ ልዩ ድጋፍ የሚያሰጡትን ነገሮች በ13 መደብ ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። ድሮ «ዝግመት» የተባለው ራሱን የቻለ መደብ ነው፤ ስሙም ሰው ያዋርዳል ተብሎ በ2010 በሕግ ተለውጧል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)፣ በአገራችንም ዛሬ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት» ነው የሚባለው። ወረቀትሽ ላይ «ስፔሲፊክ ለርኒንግ ዲስኣቢሊቲ» የሚል ካየሽ ያ ሌላ መደብ ነው። እኔ «የመማር እክል» እለዋለሁ። ከሦስቱ ቃላት ዋናው የመጀመሪያው ነው፤ እክሉ በአንድ በተወሰነ ቦታ ነው ማለት ነው። ልጁ ያስባል፣ ያስታውሳል፣ ይቀልዳል፣ ለአያቱ የሐኪም ቋንቋ ይተረጉማል። ፊደልን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሥራ ላይ ሲደርስ ግን ይይዘዋል። በሌላው ልጅ ላይ የሚይዘው ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ በሌላው ደግሞ ያሰቡትን ጽፎ ማውጣት። ንባብ ላይ ሲሆን ዲስሌክሲያ የሚሉት ነው፤ ከሁሉም በብዛት የሚታየውም እሱ ነው።

ብቻውን ያለ እንዳይመስልሽ። በ2022–23 የትምህርት ዘመን በዚህ አገር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልዩ ድጋፍ ያገኙት ልጆች 7.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፤ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ የሚሆነው በዚሁ በመማር እክል ስም ነው የተመዘገበው።

ቃሉ ራሱ ከየት እንደመጣ ብትሰሚ ባልሽም ትንሽ የሚለዝብ ይመስለኛል። በ1963 ቺካጎ ውስጥ ወላጆች ተሰብስበው ነበር። ልጆቻቸው ብልህ ናቸው፣ ትምህርት ቤት ግን አልሆነላቸውም፤ ሐኪሙ «አንጎሉ ተጎድቷል» ይላል፣ አስተማሪው «ሰነፍ ነው» ይላል። ሳሙኤል ከርክ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ «ለርኒንግ ዲስኣቢሊቲ» የሚለውን ስም ያቀረበላቸው እዚያ ስብሰባ ላይ ነው፣ ወላጆቹም ይዘውት ሄዱ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ትምህርት ቤቶች እነዚህን ልጆች በነፃ እንዲያስተምሩ የሚያስገድደው ሕግ ወጣ። ያንቺን ባል ያስቆጣው ቃል እንግዲህ ልጃቸው «ደደብ» ሲባልባቸው እምቢ ያሉ አባቶችና እናቶች የተቀበሉት ነው።

ነገሩማ ከቃሉም የቀደመ ነው። በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሕክምና መጽሔት ጽፎ ነበር። ልጁ ንቁ ነው፣ ዓይኑ ደህና ነው፣ ማንበብ ግን አልቻለም። አስተማሪው ምን አለ መሰለሽ፤ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ የሚበልጠው እሱ በሆነ ነበር አለ። ደብዳቤሽን ሳነብ ይህ ልጅ ነው ትዝ ያለኝ።

ሌላም ልጅ ትዝ ብሎኛል፣ እሱን ግን መናገር ይከብደኛል። እዚህ አገር ሳልመጣ ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር፤ በአንድ ክፍል ከ80 በላይ ልጆች። አንዱ ሀ ሁን ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ በሚያምር ድምፅ ያስጠና ነበር፤ ጓደኞቹ ተከትለውት ይላሉ። አንድ ቀን ሳየው፣ በትሩ «ለ» ላይ ነው፣ አፉ «መ» ላይ ደርሷል፣ ዓይኑ ደግሞ መስኮቱ ላይ ነው። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። እኔ «ሲያታልለኝ ከርሟል» አልኩና አንበረከክሁት። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ልጁ አላታለለኝም፤ ንባቡ ያላደረሰለትን በጆሮው እየሸፈነ በጣም ሲደክም የኖረ ልጅ ነበር። ያንቺም ልጅ ሀ ሁን በዜማ እየወረደ ለይ ሲባል ጠፋበት ብለሽ ስትጽፊ ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ነው የተቀመጥሁት።

የድሮዎቹ የኔታዎች ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር። ሀ ሁን ያስጨረሱትን ልጅ ወዲያው ወደ ንባብ አይለቁትም፤ አቡጊዳ ያስገቡታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ፦ ፊደሉም ቤቱም በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ ዜማ አያድነውም፣ እያንዳንዱን ፊደል ማየት ግድ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት 231 ናቸው፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ፤ ይህን ሁሉ በጆሮ ብቻ ተሸክሞ መዝለቅ አይቻልም። አንቺም ቤትሽ ውስጥ ይህንኑ አድርጊ። የተማራቸውን ፊደላት ብቻ በትናንሽ ወረቀት ጻፊና በትኚያቸው፣ እየነጠልሽ አሳዪው። ስንቱን እንዳወቀ ብቻ አትቁጠሪ፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበትም እዪ። የእኛ ፊደል የሚጻፈውና የሚነበበው ስለሚቀራረብ፣ እንዲህ ባሉ ቋንቋዎች ችግሩ ከስህተቱ ይልቅ በቀርፋፋነቱ ነው የሚታየው፤ እንግሊዝኛ ላይ ደግሞ ስህተቱም አብሮ ይበዛል። «ቡ» እና «ቢ» ላይ ጭረቷ መሃል ናት ወይስ ታች የምትለዋን ሁሉም ጀማሪ ይስታታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን እንግዳ ከሆነችበት ግን ልብ በይ።

ከዚያ ቃል ስጪው። «መኪና» ብትጽፊለት የመጀመሪያዋን አይቶ ሊገምት ይችላል። «ሙኬና» ብትጽፊለት ግን መገመቻ የለውም፣ እያንዳንዷን ማንበብ አለበት። ትርጉም የሌለው ቃል ለምን ያስነብቡታል ብለሽ ትምህርት ቤት ስትሰሚ እንዳትገረሚ፣ እዚያም ከሚሰጡት ፈተናዎች አንዱ ይኸው ነው።

ሌላው ወረቀትም እርሳስም አይፈልግም፣ መኪና ውስጥ የሚሠራ ጨዋታ ነው። «በቆሎ በል» በዪው። አለ? «አሁን ‹በ›ን ትተህ በለው።» ቆሎ ማለት አለበት። «ሰላም»ን ያለ «ሰ»? ላም። አምስት ስድስት ዓመት የሆነው ልጅ ጥቂት ከተለማመደ በኋላ እየሳቀ ይጫወተዋል። ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው፣ ቃሉን እያወቀው «በቆሎ» ውስጥ ያለችውን «በ» ነጥሎ ማንሳት ካቃተው ችግሩ ያለው ዓይኑ ላይ ሳይሆን ቃልን በድምፅ መበጣጠሱ ላይ ነው። ብዙ ሰው ዲስሌክሲያ ማለት ፊደል ተገልብጦ መታየት ይመስለዋል። አይደለም። በእንግሊዝኛ ቢ እና ዲን እያገላበጡ መጻፍ እስከ ሰባት ዓመት ድረስ ያለ ነገር ነው፤ የብዙዎቹ እክል ሥሩ ድምፅ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። እኔም ሐኪም አይደለሁም፣ በደብዳቤም ሰው አይመረመርም። ያየሽውን ግን ከነቀኑ ማስታወሻ ላይ ጻፊ፣ ምክንያቱም ስብሰባው ላይ ከማንም ዘንድ የማይገኝ ማስረጃ በእጅሽ አለ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ «የመማር እክል አለበት» ከማለቱ በፊት ሌላ ሌላውን ምክንያት አንድ በአንድ ማስወጣት አለበት፤ ሕጉ ያስገድደዋል። ዓይኑ ነው? ጆሮው ነው? (ትምህርት ቤት በር ላይ የሚደረገውን ፈጣን ምርመራ ብቻ አምነሽ አትቅሪ፤ መነጽር የሚያስፈልገው ከመሰለሽ፣ ልጅ ሳለ ጆሮው ይመግል ከነበረም ለሐኪሙ ንገሪ።) በደንብ ሳይማር ቀርቶ ነው? የቤት ችግር ነው? ከሁሉም የሚያጨቃጭቀው ግን ይህ ነው፤ እንግሊዝኛው ገና ስላልጠናለት ይሆን? እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶች በሁለት በኩል ይሳሳታሉ። አንዳንዱ እንግሊዝኛ ያልጠናውን ልጅ ቸኩሎ እክል አለበት ይላል። አንዳንዱ ደግሞ «ገና ቋንቋ እየተማረ ነው፣ ጊዜ ስጡት» እያለ እስከ አምስተኛ ክፍል ያዘገያል። ሁለቱም የሚያመካኙበት አያጡም፤ የሰፈር እንግሊዝኛ በሁለት ዓመት ይለመዳል፣ የመጽሐፉ እንግሊዝኛ ግን አምስትና ሰባት ዓመት ሊወስድ ይችላል።

ታዲያ ፍርዱ እንዴት ይለያል? ችግሩ የእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አማርኛ ላይ ባልታየ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የተማረው ፊደል፣ ዜማው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አለመለየቱ፣ በቆሎና ቆሎው፣ ይህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤቱ በአማርኛ የተዘጋጀና በልኩ የተመዘነ ፈተና እንደ ስፓኒሽኛው በቀላሉ አያገኝም፤ ብዙውን ጊዜ በአስተርጓሚ ነው የሚሞክሩት፣ በአስተርጓሚ የወጣ ቁጥር ደግሞ በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ ሁለት መስመር ቢጽፍልሽ ይዘሽ ግቢ። አትፈሪ፣ በሕጉ አንቺ የተጠራሽ እንግዳ አይደለሽም፣ የሚወስነው ቡድን አባል ነሽ።

እንዴት እንደሚመረምሩም በአጭሩ ልንገርሽ። ድሮ የልጁን የማሰብ ችሎታ በፈተና ይለኩና ንባቡ ከዚያ በጣም ዝቅ እስኪል ይጠብቁ ነበር፤ ልጁ በደንብ እስኪወድቅ መጠበቅ ማለት ነው። በ2004 የተሻሻለው ሕግ ክፍላተ ሀገራት ይህን መስፈርት የግድ እንዳያደርጉት ከልክሏል። አሁን ጥሩ ትምህርትና ተጨማሪ እርዳታ ሲሰጠው ምን ያህል እንደተሻሻለ ያያሉ፤ ሐኪሞቹም በበኩላቸው ተገቢ እርዳታ እየተሰጠው ቢያንስ 6 ወር የዘለቀ ካልሆነ ስሙን አይሰጡትም። ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ያዩታል፣ ንባቡን፣ ጽሑፉን፣ ሒሳቡን፣ ሲነገረው መረዳቱን ለየብቻ ይፈትናሉ። በአንድ ፈተና ብቻ መወሰን ክልክል ነው። ክፍያም የለውም።

አሁን ፍሪጁ ላይ ያለው ወረቀት የሚጠይቅሽ ይህን ምርመራ ብቻ ነው። ይህን ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። ፊርማው ሁለት ነው፤ አንዱ ለምርመራው፣ ሌላው በኋላ ለድጋፉ። የመጀመሪያውን መፈረም ሁለተኛውን አያስገድድሽም። ውጤቱን አይታችሁ አንፈልግም ማለት ትችላላችሁ፣ ተቀብላችሁ በኋላ መተውም ትችላላችሁ፣ ምርመራው አላሳመነንም ብላችሁ በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲያየው መጠየቅም አላችሁ። ልጁም ተለይቶ ሌላ ክፍል ይጣላል ማለት አይደለም፤ በተቻለ መጠን ከእኩዮቹ ጋር መማር እንዳለበት ሕጉ ይላል።

ስለ ባልሽ አንድ ነገር ልጨምር። «እስከ አምስተኛ ክፍል ማንበብ አልችልም ነበር፣ ዛሬም በድምፅ ነው የሚልክልኝ» ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ዲስሌክሲያ በዘር ይወርዳል፤ ወላጁ ያለበት ልጅ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ልጅ በጣም ይበልጣል። አለበት እያልሁሽ አይደለም። ግን «ዱላ ነው ያስተማረኝ» የሚለው ሰው በልቡ የሚያስታውሰው ዱላውን ብቻ አይመስለኝም፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ልጆች ሲስቁበት የነበረውን ቀንም ነው። ልጁ እንዲመዘገብ የማይፈልገው ያ ቀን እንዳይመለስ ፈርቶ ይሆናል። ይህን ልጁ በሌለበት፣ ሳትከራከሪው፣ «አንተ ያኔ የሚረዳህ ብታገኝ ምን ይሆን ነበር?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም በዪ። ስብሰባውም ላይ እሱ ራሱ ቢናገረው ለመርማሪዎቹ ትልቅ ፍንጭ ነው።

አማርኛውን ግን አትተዉ። ሁለት ቋንቋ የመማር እክል አያመጣም፣ አንዱን መተውም አያድንም። ብትተዉት የሚቀርበት ከአያቱ ጋር የሚያወራበት አፉ ነው። ተረት አውሩለት፣ እንቆቅልሽ ጠይቁት፣ መጽሐፍ አንብቡለት፤ አንብቦ ያልደረሰበትን ቃል በጆሮው ይሰብስብ። አማትሽም ጸበሉን ይውሰዱት፣ ምንም አይጎዳውም። ቀኑ ከምርመራው ጋር እንዳይጋጭ ብቻ ተያዩ።

እክሉ ካለ ምን ያደርጉለታል? አይ.ኢ.ፒ የሚባል የጽሑፍ ዕቅድ ይወጣለታል፣ በየዓመቱ ይታያል፣ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ ደግሞ እንደገና መመርመር ያስፈልግ እንደሆነ ይታያል። እዚያ ላይ «ንባቡ ይሻሻላል» በሚል ጥሩ ቃል አትመለሺ። በሳምንት ስንት ቀን? ስንት ደቂቃ? ማን ያስተምረዋል? ከስንት ልጅ ጋር? ብለሽ ጠይቂ። የሚሠራው ትምህርት አሰልቺ ይመስላል፤ ድምፅና ፊደልን ከሥሩ ጀምሮ በቅደም ተከተል፣ በትንሽ ቡድን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ እየደጋገሙ ማስተማር ነው። ጎን ለጎን ፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ፣ የሳይንሱን መጽሐፍ በድምፅ መስማት ይፈቀድለታል፤ ያኔ ንባቡ ስላልደረሰ ብቻ ከሳይንሱ አይቀርም። ባለቀለም መነጽር፣ ዓይን ማፍታቻ የሚሸጥልሽ ካለ ገንዘብሽን ያዢ።

አስተርጓሚ ጠይቂ፣ መብትሽ ነው። እባክሽን ልጁን አታስተርጉሚው፤ ለአያቱ ደም ግፊት መተርጎም አንድ ነገር ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ራሱ የሚባለውን በአፉ እንዲያሳልፍ ማድረግ ሌላ። ስብሰባው ሳይጀመር አስተርጓሚውን «‹ለርኒንግ ዲስኣቢሊቲ›ን ምን ብለው ነው የሚተረጉሙት?» ብለሽ ጠይቂ። «ዝግመት» ካለ፣ እዚያው አርሚው።

ለልጁ ምን ልበለው ላልሽው፣ እሱ ካሰብሽው በላይ ያውቃል። ሆዱን የሚያመው በውሸት አይደለም። «ሰነፍ ስለሆንህ እንዳልሆነ አውቄያለሁ። ንባብ ለምን እንደሚከብድህ የሚያይ ሰው ይመጣል፣ ጨዋታ የሚመስሉ ጥያቄዎች ይጠይቅሃል፣ የምትወድቅበት ፈተና አይደለም» በዪው። ስሙን ውጤቱ ሲወጣ ይሰማል፤ ዲስሌክሲያ ነው ከተባለም አትደብቂው። ስም ሲያጣ ራሱ የሚያወጣው ስም «ደደብ» ነው፣ ከዚያ የባሰ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

አሁን ወረቀቱን አውርጂው። ፈርሚ፣ ቀኑን ጻፊ፣ ከጎኑ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ልጄ በአማርኛም ይታይልኝ» ብለሽ በእጅሽ ጨምሪበት፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ሰኞ ጠዋት ራስሽ አድርሺው። ሕጉ ለምርመራው የሰጣቸው 60 ቀኖች መቆጠር የሚጀምሩት ፊርማሽ እጃቸው ከገባበት ቀን ነው፤ ፍሪጁ ላይ ያለፉት ሦስት ሳምንታት አይቆጠሩም።